ከቃል ዝርዝር ወደ ዓረፍተ ነገር፦ «ፈንክሽን»፣ «ግራፍ» እና «መስመራዊ እኩልታ» በወላይታ ሶዶ የወደፊት መምህራን አንደበት

አንድ የሙያ ቃል ተስማሚ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በዝርዝር ውስጥ ከአቻው ትይዩ ተቀምጦ ሲታይ ሳይሆን፣ ባለሙያው በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ሲናገረው ነው። ይህ ለቋንቋ ተመራማሪ አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም የሒሳብ ቃላትን በአገር ቋንቋ ለማደራጀት የተደረገውን ጥረት ስንመለከት፣ ዝርዝሩ ከዓረፍተ ነገሩ ቀድሞ እንደ ሄደና እስከ ዛሬም ሁለቱ እንዳልተገናኙ እናያለን። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከዚሁ ሰፊ ጉዳይ አንዱን ማዕዘን ብቻ ነው፤ ይኸውም የወደፊት መምህራን ስለ ፈንክሽን፣ ስለ ግራፍና ስለ መስመራዊ እኩልታ ሲሠለጥኑ የሚገለገሉባቸው ቃላት በአንደበታቸው ምን እንደሚሆኑ ነው። ሂስ እንደ መሆኑ ነቀፋው ከምስጋናው ይበዛ ይሆናል፤ ነቀፋው ግን የሚያርፈው በቃላቱ ላይ እንጂ ደክመው ባወጡአቸው ሰዎች ላይ አይደለም።

ቦታችንን ወላይታ ሶዶ ያደረግነው ጉዳዩ በዚያ ከሌላው ይልቅ ጠርቶ ስለሚታይ ነው። ወላይትኛ በ1971 ዓ.ም. በተከፈተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከመጀመሪያዎቹ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በኢትዮጵያ ፊደል ተጻፈ፤ ኋላም በላቲን ፊደል እየተጻፈ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ። በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ደንብ ሕፃኑ እስከ 4ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር፣ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ሒሳብንና ሳይንስን በእንግሊዝኛ እንዲቀጥል የሚያደርግ ነበር። አማርኛ በዚህ መካከል እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጥ ነበር፤ የክልሉም የሥራ ቋንቋ ስለነበረ በጽሕፈት ቤትና በገበያ ይሰማ ነበር። እንግዲህ በ1999 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ማሠልጠኛ ሒሳብ ለማስተማር የሚዘጋጅ የአካባቢው ተወላጅ፣ መቁጠርን በወላይትኛ፣ ፈንክሽንን በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ ማብራሪያውን በሦስት ቋንቋ ድብልቅ የሚሰጥ ሰው ነው።

ድብልቁ በራሱ ነውር የለበትም። መምህር ያለውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ሠልጣኙም ባዶ እጁን አልመጣም፤ ወላይትኛ ከኢሲ፣ ናኡ፣ ሄዙ እስከ ታማ ድረስ የራሱ የቁጥር ሥርዓት አለው። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያሉትን ኡሱፑን፣ ላፑን፣ ሆስፑን፣ ኡዱፑን የሚሉትን አራት ቃላት ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው መድረሻቸው አንድ መሆኑን ያስተውላል፤ አምስት ሲሞላ ቆጠራው እንደ ገና ከመጀመሪያው የተነሣ ያስመስለዋል። የቋንቋው ተናጋሪ ይህን ሥርዓት ሳይማር ያውቀዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከቁጥር ወደ ዝምድና በምንሻገርበት ጊዜ ነው። ሠልጣኙ የፈንክሽንን ትርጓሜ በእንግሊዝኛ ሸምድዶ ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል፤ ነገ ክፍል ሲገባ ግን ተማሪው የሚያገኘው መምህሩ በራሱ ዓረፍተ ነገር ሊለው የቻለውን ያህል ብቻ ነው።

ጉዳዩ እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ ለመረዳት ወደ ኋላ ትንሽ መመለስ ያስፈልጋል። አማርኛ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመላ አገሪቱ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ነበረ፤ ከ7ኛ ክፍል በኋላ ያለው የእንግሊዝኛ ነበር። የሒሳብ ቃሎቻችንን ስንመረምር ይህ ወሰን እንደ አጥር ሆኖ ይታየናል። ከአጥሩ ወዲህ ያሉት፣ ማለትም ክፍልፋይ፣ ላዕል፣ ታህት፣ ጥምርታ፣ እኩልታ የሚሉት፣ በመምህርና በተማሪ አንደበት ተፈትነው፣ ተላምጠው፣ ለስልሰው ኖረዋል። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ግን ቢወጡም ሰው አልተናገረባቸውም። አካዳሚው በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ ብሔራዊ አካዳሚ ሆኖ ተቋቁሞ፣ ኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተብሎ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ቃላት የደከመው ድካም ታላቅ ነው፤ በ1980ዎቹ ማብቂያ የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም ለዚህ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነት ሥራ ባሕርዩ ስምን ከስም ትይዩ ማስቀመጥ ነው። ሒሳብ ደግሞ በስም አይነገርም። የሚነገረው «ቢሆን… ይሆናል»፣ «ለእያንዳንዱ… አለ»፣ «በዚህ መጠን ሲጨምር በዚያ መጠን ይጨምራል» በሚሉ ሐረጎች ነው።

ከቃላቱ ሁሉ አስቸጋሪው «ፈንክሽን» ነው። ቃሉ በተወለደበት በአውሮፓም ቢሆን ከመነሻው ግልጽ አልነበረም። ላይብኒትስ በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወደ ሒሳብ ሲያስገባው የላቲኑ መነሻ «መፈጸም፣ ማከናወን» ማለት ነበር፤ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1734 ዛሬ በምናውቀው በፊደልና በቅንፍ ጻፈው። ከአንድ ስብስብ ለተወሰደ ለእያንዳንዱ አባል ከሌላ ስብስብ አንድና አንድ ብቻ አባል መመደብን የሚጠይቀው የዛሬው ትርጓሜ የጠራው ግን ከ19ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። ማለትም ቃሉ ሲፈጠር ያልነበረ ፍቺ ኋላ ተጫነበት። ተርጓሚ የቃሉን ሥር ተከትሎ የሄደ እንደሆነ የሚደርሰው ፍቺው ካለበት ሳይሆን ፍቺው ጥሎት ከሄደው ቤት ነው።

«ተግባር» የሚለው አቻ የተገኘው በዚህ መንገድ ይመስለናል። አጠቃላይ መዝገበ ቃላትን የከፈተ ሰው ለፈንክሽን ቀድሞ የሚያገኘው ይህንኑ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ወይም የሰውነት ክፍል ተግባር ለማለትም እንከን የለበትም። ወደ ሒሳብ ዓረፍተ ነገር ስናስገባው ግን «ዋይ የኤክስ ተግባር ነው» ይላል። ይህን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ የሚረዳው ኤክስ የሚባል ሰው አለ፤ ዋይ የሚባል ሥራ አለ፤ ያ ሥራ የዚያ ሰው ግዴታ ነው ብሎ ነው። «የ» የሚለው አገናዛቢ ተግባርን ለሠሪው ያስረክባልና። እዚህ ግን ሠሪም የለም፣ ግዴታም የለም። ያለው የአንዱ መታወቅ የሌላውን መታወቅ ማስከተሉ ብቻ ነው። ዐረብኛ ከዚህ ወጥመድ ያመለጠው ሁለት ቃል በማቆም ነው፤ ለሥራ ድርሻ «ወዚፋ» ሲል፣ ለሒሳቡ ግን «አመለከተ» ከሚለው ግሥ «ዳላ»ን አወጣ። በቻይናም ሊ ሻንላን እ.ኤ.አ. በ1859 በታተመ ትርጉሙ «ሃንሹ» የሚለውን ሲመርጥ፣ በቃሉ ያየው አንዱ መጠን ሌላውን በውስጡ መያዙን እንጂ ሥራ መሥራቱን አልነበረም። ሁለቱም ተርጓሚዎች ወደ ሥሩ ሳይሆን ወደ ፍቺው ተመለከቱ። ስለዚህ «ተግባር» ከሒሳብ መማሪያ እንዲወጣ ያለ ማመንታት እንጠይቃለን።

«አስረካቢ» በአንዳንድ የአማርኛ የሒሳብ ጽሑፎች የሚገኝ ሌላ ሙከራ ነው፤ ከ«ተግባር» የተሻለ ሐሳብ አለው። አንድ ነገር ገብቶ አንድ ነገር እንደሚወጣ ያሳያል። ቃሉም በሥርዓት የተሠራ ነው። ነገር ግን «አስረከበ» በሕዝቡ አንደበት የሚኖረው በርክክብ ነው። የግምጃ ቤት ሠራተኛ በሞዴል 19 የገባውን ብርድ ልብስ በሞዴል 22 ያስረክባል፤ የርክክብ ቁም ነገሩ የገባው ሳይለወጥና ሳይጎድል መውጣቱ ነው። የሒሳቡ ፈንክሽን ግን ሦስትን ተቀብሎ ዘጠኝን ሊሰጥ ይችላል። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ሦስት ብርድ ልብስ ተረክቦ ዘጠኝ ቢያስረክብ ኦዲተር መጠራቱ አይቀርም። በአስረካቢነቱ የታመነ ሠራተኛ የሚወክለው፣ የገባውን እንዳለ የሚመልሰውን አንዱን የፈንክሽን ዓይነት ብቻ ነው ማለት ነው። በዚህ ረገድ የሶዶ ገበያ የወፍጮ ቤት ምሳሌ የበለጠ ይረዳል፦ በቆሎ ገብቶ ዱቄት ይወጣል፤ አንድ ዓይነት እህል ያስገባም ሁሌ አንድ ዓይነት ዱቄት ያገኛል። ነገር ግን ምሳሌ ምሳሌ ነው፤ ስያሜ አይሆንም።

እኛ ውሰት ቃሉን «ፈንክሽን» እንመርጣለን። ይህን ስንል ስንፍናን እየመረጥን አይደለም። ውሰት ቃል አንድ ጥቅም አለው፤ ባዶ ነው። ባዶ ዕቃ የተጨመረበትን ይይዛል፤ «ተግባር» ግን አስቀድሞ የሞላ ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ውሰት ቃሉ የሚያገለግለው ግሡ አማርኛ ሲሆን ብቻ ነው። «ዋይ የኤክስ ፈንክሽን ነው» ከማለት አስቀድሞ መምህሩ «ዋይ በኤክስ ይወሰናል»፣ «ኤክስ ከታወቀ ዋይ ይታወቃል» ብሎ ሊለምድ ይገባዋል። «ተወሰነ» በአማርኛ የዳኛም የመጠንም ግሥ ነው፤ አንድ ነገር ከአንድ በላይ እንዳይሆን መቁረጥን ይጨምራል። የፈንክሽን ትርጓሜ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ሊቃውንቱ ስም ሲፈልጉ ግሡ ከእጃቸው ነበረ።

ትርጓሜው ራሱ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት። «ለእያንዳንዱ አንድ» ማለት ሲፈልግ የአማርኛ ተናጋሪ በተፈጥሮው ወደ ድግግሞሽ ይሄዳል፦ «ለሠልጣኞቹ አንዳንድ መጽሐፍ ሰጠን» ሲል ለእያንዳንዳቸው አንድ ማለቱ ነው። ነገር ግን «አንዳንድ» ሁለተኛ ፍቺ አለው፤ «አንዳንድ ሠልጣኞች አልመጡም» ስንል ጥቂቶቹ ማለታችን ነው። አንድ መምህር «ለኤክሶቹ አንዳንድ ዋይ አላቸው» ቢል ከተማሪዎቹ እኩሌታው «እያንዳንዱ አንድ አለው» ብሎ፣ እኩሌታው «ጥቂት ዋይ አላቸው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ሁለቱም በአማርኛ አልተሳሳቱም። በእንግሊዝኛ የሌለ አሻሚነት ነውና ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የመምህር መምሪያ አያስጠነቅቅም። በሒሳብ ትርጓሜ «አንዳንድ» ጨርሶ እንዳይገባ፣ በምትኩ «ለእያንዳንዱ… አንድና አንድ ብቻ» እንዲባል እንመክራለን። ሐረጉ ይረዝማል፤ ይርዘም።

«አንድ ለአንድ» የሚለውም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይሻል። ሠልጣኞች «አንድ ብቻ» የሚለውን ከሁለቱም ወገን ይወስዱታል፤ ለእያንዳንዱ ኤክስ አንድ ዋይ ብቻ እንዳለ ሁሉ ለእያንዳንዱ ዋይም አንድ ኤክስ ብቻ ያለ ይመስላቸዋል። የሚያስፈልገው ምሳሌ ከሩቅ መምጣት የለበትም። በ2000ዎቹ ዓመታት በየትምህርት ቤቱ ተዘርግቶ የነበረውን የ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀት የዛሬዎቹ ሠልጣኞች ብዙዎቹ በተማሪነታቸው አይተውታል ወይም ሲነገር ሰምተዋል። እያንዳንዱ አባል አንድና አንድ ብቻ መሪ ነበረው፤ ስለዚህ ከአባል ወደ መሪ የሚሄደው ምደባ ፈንክሽን ነው። መሪው ግን አምስት አባላት ነበሩት፤ ከመሪ ወደ አባል ብንመልሰው «የአንተ አባል ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አምስት መልስ ይመጣል፤ ፈንክሽን መሆኑም ያበቃል። አደረጃጀቱ ለምን ዓላማ እንደ ዋለ የተለያየ አስተያየት ሊኖር ይችላል፤ ፈንክሽንን ለማስተማር ግን ከእርሱ የቀረበ ምሳሌ አላገኘንም።

ወደ «እኩልታ» ስንሻገር ምስጋና እናቀርባለን። ቅጥያው «-ታ» በአማርኛ በብዛት የሚገኘው «አለ» ከሚከተላቸው ቃላት ጋር ነው፤ ዝም አለ፣ ዝምታ፤ ደስ አለው፣ ደስታ፤ ቸል አለ፣ ቸልታ። «እኩል አለ» ግን አይባልም። የሰዋስው ሰው ቢጠየቅ ኖሮ ቃሉን ይከለክለው ይሆናል። ሆኖም ቃሉ ተቀባይነት አገኘ፤ ምክንያቱም «እኩልነት» የሰዎችንና የመብትን ጉዳይ ይዞ ስለነበረ ለሒሳቡ ሌላ በር ያስፈልግ ነበር፤ በሩም በ6ኛ ክፍል ውስጥ ተከፍቶ በየዓመቱ ተማሪ ወጣበት፣ ገባበት። የደንብ ተቃውሞ ያልቻለውን ልማድ ቻለው። ይህን የምናነሣው ለ«ፈንክሽን»ም ሆነ ለወላይትኛው ስያሜ ትምህርት ስለሚሆን ነው።

በእኩልታ ላይ ያለን ቅሬታ ከስያሜው ሳይሆን ከአነባበቡ ነው፤ እዚህ ላይ በርከት አድርገን እንድንናገር ይፈቀድልን። «2 + 3 = 5» የሚለውን የክፍል ልማድ «ሁለት ሲደመር ሦስት እኩል ይሆናል አምስት» ብሎ ያነበዋል። ይህ በአማርኛ ቃላት የተነገረ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን በመጨረሻ ያደርጋል፤ በገበያ ላይ ያለች ሴት «ሁለትና ሦስት አምስት ይሆናል» ትላለች እንጂ «ይሆናል አምስት» አትልም። ወላይትኛም ግሡን በመጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። ስለዚህ የሶዶው ሠልጣኝ በሁለቱም የቤቱ ቋንቋዎች የተሰበረ ዓረፍተ ነገር ተምሮ የተሰበረ ዓረፍተ ነገር ያስተምራል። ምልክቶቹ ከግራ ወደ ቀኝ በተጻፉበት ተራ መነበብ አለባቸው የሚል ሕግ የለም። ይህ ልማድ ነው።

ጉዳቱም የጆሮ ብቻ አይደለም። «ይሆናል» የሚለው ግሥ ለውጥን ይናገራል፤ አንድ ነገር ተሠርቶ ሌላ ነገር መውጣቱን። ሕፃኑ በዚህ ግሥ ያደገ ስለሆነ የእኩል ምልክትን «ውጤቱ ከዚህ በኋላ ይጻፍ» የሚል ትእዛዝ አድርጎ ይወስደዋል። ለ«2 + 3 = 5» ይህ ይበቃዋል። «2ኤክስ + 3 = ኤክስ + 8» ሲመጣ ግን የሚሆን ነገር የለም፤ ከሁለቱም ወገን ያለው ያልተጠናቀቀ ነው። ኤክስ አምስት ከሆነ ግራውም ቀኙም አሥራ ሦስት መሆናቸውን መምህሩ ሊያሳይ ይችላል፤ ተማሪው ግን «ታዲያ መልሱ የት ተጻፈ?» ማለቱ አይቀርም። አማርኛ ለዚህ የሚበቃ አነጋገር አለው፦ «ከ… ጋር እኩል ነው»። «ሁለት ኤክስ ሲደመር ሦስት፣ ከኤክስ ሲደመር ስምንት ጋር እኩል ነው» ስንል ማሰሪያው በቦታው ይገባል፣ ለውጡ ይቀርና ሚዛኑ ይታያል። ዐረቦቹ እኩልታን «ሙዓደላ» ሲሉ ያሰቡትም ይህንኑ ማስተካከልን ነው። የስሌትን «ይሆናል» እና የእኩልታን «እኩል ነው» ለይቶ መናገር አንድ የሥልጠና ሳምንት የማይፈጅ ነገር ነው፤ የሚያድነው ድካም ግን የዓመታት ነው።

«መስመራዊ» የሚለው ቅጽል ግማሽ መንገድ የሄደ ቃል ነው። በአማርኛ መስመር ሁሉ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ኩርባ መስመርም መስመር ነው፤ የአውቶቡስ መስመርም እንደ ተራራው ይጠማዘዛል። ስለዚህ «መስመራዊ እኩልታ» የሚለው ስም ዋናውን ነገር፣ ቀጥ ማለቱን፣ አይናገርም። በሌላ በኩል የላቲኑ መነሻ የተልባ እግር ክር ነበረ፤ የእኛም ግንበኛ ሲባጎ ወጥሮ ግድግዳ ያስተካክላል፤ ገበሬውም በመስመር መዝራትን ከግብርና ባለሙያ ሲማር «መስመር» የሚለውን ቀጥ ካለ ረድፍ ጋር አያይዞታል። በወላይታ ማሳ ላይ ያደገ ሠልጣኝ ከከተማው ልጅ ይልቅ ቃሉን በትክክል ሊሰማው ይችል ይሆናል።

ታዲያ ለምን «ቀጥተኛ እኩልታ» አንልም? የሚሉ አሉ። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። «ቀጥተኛ» በሒሳብ ውስጥ አስቀድሞ ሥራ ይዟል፤ ቀጥተኛ ወደረኛነት ስንል አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላውም እጥፍ መሆኑን ነው። ልዩነቱን በቤተሰብ ሒሳብ እናሳይ። የወፍጮ ቤት ዋጋ በኪሎ 4 ብር ነው ብንል፣ 10 ኪሎ 40 ብር፣ 20 ኪሎ 80 ብር ያስከፍላል፤ ይህ ቀጥተኛ ወደረኛነት ነው። የውሃ ሒሳብ ግን የቆጣሪ ኪራይ 20 ብር፣ ለአንድ ሜትር ኩብ ደግሞ 10 ብር ነው ብንል (ታሪፉ በፍጆታ ደረጃ ባይከፋፈል)፣ 3 ሜትር ኩብ 50 ብር፣ 6 ሜትር ኩብ 80 ብር ይሆናል። ፍጆታው ተጠፈ፤ ክፍያው ግን አልተጠፈም። ሁለቱም በግራፍ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣሉ፤ ሁለተኛው ግን ከዜሮ አይነሣም። ሁለቱን አንድ ቃል ብንሰጣቸው ተማሪው አንድ ነገር ናቸው ብሎ ያምናል፤ ማመኑም የእርሱ ጥፋት አይሆንም። በከፍተኛ ሒሳብ «መስመራዊ» የሚባለው በመነሻ ነጥብ የሚያልፈው ብቻ የሚሆንበት አገባብ መኖሩን ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ማስታወስ ይገባል፤ ለአንደኛ ደረጃ መምህር ግን ይህ ገና ሩቅ ነው። እንግዲህ «መስመራዊ» ይቆይ፤ ነገር ግን በተነገረ ቁጥር «ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር የሚሆን» የሚለው ትርጓሜ አብሮት ይነገር።

ስለ «ግራፍ» ብዙ የምንለው የለም። ውሰት ቃሉ ገብቷል፣ ይኑር፤ ተማሪዎች ከግርፋት ጋር አዛምደው መቀለዳቸው ቃሉን አልጎዳውም። አንድ ነገር ብቻ እንጠቁም፦ በጋዜጣና በጽሕፈት ቤት «ግራፍ» የሚባለው የብዛት ዓምድ ሥዕል ነው። ሠልጣኙ ያንን ይዞ ስለሚመጣ የፈንክሽን ግራፍ የነጥቦች ስብስብ እንጂ ማስረጃን ያስጌጠ ሥዕል አለመሆኑን ሊነገረው ይገባል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ አማርኛ ነው። ለወላይትኛው ማን ይሰይም? የሚለው ጥያቄ ግን ከሶዶ ላይ ሊዘለል አይችልም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ አዋህዶ «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ ቋንቋ ለማቆም ተሞክሮ፣ መጻሕፍቱም ለትምህርት ቤት ተሰናድተው ነበር። ቋንቋዎቹ ዝምድና እንዳላቸው የቋንቋ ጥናት ይመሰክራል፤ ዝምድና ግን አንድነት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ታሰሩ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ከቋንቋ ባለሙያ ወንበር ሆነን ይህን ስናስታውስ የፖለቲካውን ፍርድ ለሌሎች ትተን አንድ ነገር እናያለን፤ በዚያ አገር አንድ ቃል በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የት እንደ ተገኘና ማን እንዳስገባው ሕዝቡ ይጠይቃል። መብቱም ነው። በአዲስ አበባ ተቀምጦ ለወላይትኛ «የፈንክሽን አቻ» ማውጣት፣ ቃሉ ምንም ቢያምር፣ ከዚያ መንገድ የራቀ አይሆንም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አካዳሚው በሒሳብ ረገድ ሌላ የቃላት ዝርዝር ከማውጣቱ በፊት፣ ለእያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ መምህሩ በክፍል ሊለው የሚገባውን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ያውጣ፤ ለአማርኛው እኛ እንጻፍ፤ ለወላይትኛው ቋንቋውን የሚያስተምሩት የአካባቢው መምህራንና ሠልጣኞቹ ራሳቸው ይጻፉት፤ ሁለቱም በክፍል ይነገሩ፤ ያልተመቸው ይውጣ። ስሙ መጨረሻ ይምጣ። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ መሆኗ ሥራውን እዚያው ለመጀመር ተጨማሪ ምክንያት ነው።

በየትኛው ጽንሰ ሐሳብ ይጀመር ብንባል በመስመሩ አዘቅዝቅነት እንላለን፤ እንግሊዝኛው «ስሎፕ» የሚለው ነው። አማርኛ ለአንዱ ነገር ሁለት ስም አለው፤ ሲወጡት ዳገት፣ ሲወርዱት ቁልቁለት። ከሶዶ ወደ ዳሞታ ተራራ የሚወጣ ሰው ዳገቱን ይረግማል፤ በዚያው መንገድ ሲመለስ ቁልቁለቱ ጉልበቱን ይፈትነዋል፤ ተራራው ግን ያው ነው። ለሒሳብ መምህር ይህ ጸጋ ነው። መስመርን ሁልጊዜ እንደ ጽሕፈታችን ከግራ ወደ ቀኝ እንሂድበት ብለን ከተስማማን፣ ዳገቱ አዎንታዊ፣ ቁልቁለቱ አሉታዊ ይሆናል፤ የምልክቱ ትርጉም በተጓዡ አቅጣጫ ላይ እንደሚቆም ተማሪው ከእግሩ ያውቀዋል። አግድም የተሰመረው መስመር ሜዳ ነው፤ አዘቅዝቅነቱም ዜሮ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመው ገደል ነው፤ ለገደል ቁጥር አይሰጥም፤ ወደ ጎን የተሄደ ርቀት ስለሌለ የሚካፈልበት የለምና። ወላይትኛ የሚወጡትንና የሚወርዱትን በሁለት ስም ይለይ እንደሆነ፣ ወይስ አንድ ስም ሰጥቶ ልዩነቱን ለግሡ ይተወው እንደሆነ፣ ለሠልጣኞቹ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሁን፤ የአዎንታዊና የአሉታዊ ምልክት ማብራሪያ በወላይትኛ በስም ይጀመር ወይስ በግሥ የሚለው የሚታወቀው በእነርሱ መልስ ነው።